ግድግዳውን የጠየቀው ሰው

አንድ ጠያቂ የሌለበት ቤተሰብ ፈልጋችሁ አታገኙም። ሌላው ሰው በር ሲከፈትለት ይገባል፤ ጠያቂው ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ በሩ ለምን ወደ ውጭ እንደማይከፈት ይመረምራል። ከኋላው ዝናብ የሚመታው ሰው ጉዳዩ አይደለም። ሻይ ስትሰጡት ብርጭቆው ለምን እጀታ እንደሌለው ይጠይቃችኋል። መልሱን ስትፈልጉ ሻዩ ይበርዳል፤ ከዚያ ደግሞ ለምን እንደ በረደ ይጠይቃል።

በአንዲት አክስት ቤተሰብ ይህን ማዕረግ የያዘው የእህቷ ልጅ ነው። የምህንድስና መምህር ነው። ተማሪዎቹ በፊቱ «መምህር»፣ ከጀርባው «ክቡር ለምን» ይሉታል። አክስቲቱ ግን እናቱ ሞታ በእጇ ካደገበት ጊዜ ጀምሮ «ማሙሽ» ነው የምትለው። ጸጉሩ ሸብቶ፣ መነጽር አድርጎ፣ ሰው ከወንበሩ እየተነሳለት እንኳ ያው ማሙሽ ነው።

አክስቲቱ በደህናው ዘመኗ ልብስ ሰፊ ነበረች። ማሙሽ ገና የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ከስፌት መኪናዋ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ «አክስቴ፣ የእጅ መርፌ ዓይኑ ከጭራው ነው፤ የመኪናዋ መርፌ ዓይኗ ለምን ጫፏ ላይ ሆነ?» አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ክር ስታስገባበት አስባው አታውቅም። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት መልሱን ከየት ታምጣው? አፈረች። ሰው ሲያፍር ደግሞ ይቆጣልና «ዝም ብለህ ዳቦህን ብላ!» አለችው። ዳቦውን በላ፤ ዝም ግን አላለም። በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ መኪናዋ ተፈታታ፣ ብሎኖቿ በመጠን በመጠናቸው ተደርድረው፣ ማሙሽ መሃላቸው እንደ ዳኛ ተሰይሞ አገኘችው።

ሲያድግ ይተወው ይሆናል ብላ ጠበቀች። ባሰበት። ቀብር ሄዶ ሳጥኑን የተሸከሙትን ሰዎች «እጀታው እጃችሁን አይቆርጣችሁም?» ብሎ ጠየቃቸው። አክስቲቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ከሁሉ የከፋው፣ ሰዎቹ እያለቀሱ «ኧረ ይቆርጠናል!» አሉት። ያጫትን ልጅም «እኔን ማግባት ለምን ፈለግሽ? ከዚህ በፊትስ ምን ሞክረሽ ነበር?» ቢላት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አክስቲቱ ስታለቅስ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ «ለምን የሄደች ይመስልሻል?» ይላታል፣ ከልቡ ገርሞት።

ይሄ አመሉ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ሙያ ሆነለት። ዲዛይን ቲንኪንግ የሚሉት ነገር ያስተምራል፤ አክስቲቱ ስሙ አልያዝ ብሏት «የማሙሽ የጥያቄ ትምህርት» ትለዋለች። ሊመረቁ የደረሱ ልጆች በቡድን ሆነው የአንድ ሰው ችግር ፈልገው መፍትሔ ይሠራሉ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ነውና ያን ያላለፈ አይመረቅም። ሕጉ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ሰውዬው፣ ከዚያ ችግሩ፣ ከዚያ ካርቶን፤ ብረት መጨረሻ። ልጆቹ የሠሩትን ይዘው ሲቀርቡ ሊቀ ጠያቂያን መነጽሩን ያወልቅና «ማንን ጠየቃችሁ?» ይላል። አንዴ አንድም ዓይነ ስውር ሳያነጋግሩ ለዓይነ ስውራን በትር ሠርተው የመጡ ልጆች ነበሩ። ዓይናቸውን በሻርፕ አስሮ፣ የገዛ በትራቸውን አስይዞ ግቢውን አዞራቸው። ሁለቱ ቦይ ውስጥ ገቡ። «አሁን ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁ ገባችሁ?» አለ ከላይ ቆሞ።

አሁን ወደ አንድ ሲንክ እንምጣ። አክስቲቱ ስታረጅ ማሙሽ ወስዷት አብረው ይኖራሉ። በዚያ ቤት መታጠቢያ ክፍል ያለው የእጅ መታጠቢያ ሲንክ ከግድግዳው እየላላ አስቸገረ። ያጠብቀዋል፤ ይላላል። «ለምን?» አለ ማሙሽ። ብሎኑን ፈትቶ አገላብጦ አየ፤ ብሎኑ ደህና ነው። ግድግዳው ውስጥ ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ ቀየረ። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠው። ከእርጥበቱ ነው አለ። ከልስኑ ነው አለ። በመጨረሻ ቤቱን የሠራው ግንበኛ ሲሚንቶ ሰርቋል ብሎ ፈረደበት።

«ማሙሽ፣ በቃ ተወው» አለች አክስቲቱ በሩ ላይ ቆማ።

«አይ አክስቴ፣ ያለ ምክንያት አይላላም!»

ምክንያቱ ከኋላው በነጠላ ጫማ ቆሞ ነበር።

የመጸዳጃው መቀመጫ ዝቅ ያለ ነው። መቀመጡንስ ትቀመጣለች፤ መነሳቱ ነው የከበዳት። ሲንኩን በሁለት እጇ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ፣ ፈጣሪዋን እየተማጸነች ነው የምትነሳው። እንዳይመላለስባት ብላ ቀትር ካለፈ ውሃ የሚባል አፏ አይገባም። ለማን ትንገር? ለማሙሽ? ገላውን ያጠበችው፣ ሱሪውን ያስታጠቀችው ልጅ ብብቷን ይዞ ከዚያ ያንሳት? ከዚያስ ጥሙ ይሻላል።

በዚህ መሃል ነው ሦስት ተማሪዎች ችግሩን የሚነግራቸው ሰው አጥተው ሲንከራተቱ፣ ማሙሽ «እቤት አክስቴ አለች፤ እሷን ጠይቁ። እኔ አልገባበትም፤ የምታገኙትንም እስከ መጨረሻው ቀን አልሰማም» ብሎ የላካቸው። አንዱ አፈኛ ነው፣ አንዱ ረጅም ነው፣ ሦስተኛዋ ዝምተኛ ልጅ ናት። ከሰዓት በኋላ ሲመጡ አክስቲቱ ሻይ ቀዳችላቸው።

«እማማ፣ እቤት ውስጥ ምን ያስቸግርዎታል?» አለ አፈኛው።

«እኔ? ምን ይቸግረኛል ልጄ፣ ተመስገን ነው! ጠጡ እንጂ።»

«ትንሽም ብትሆን…»

«ዳቦ ልጨምርላችሁ?»

«እማማ ይሙቱ፣ ችግር ካላገኘን አንመረቅም እኮ! አባቴ ለምረቃዬ ብሎ ሱፍ አሰፍቷል!»

ልጆቹ ችግር አጥተው ሲቸገሩ ስታይ አሳዘኗት። ዓይኗን ዞር ዞር አድርጋ የስኳሩ ጣሳ ላይ አሳረፈችው። «እ… የጣሳው ክዳን ይጠብቅብኛል» አለች።

አፈኛው ሊያቅፋት ምንም አልቀረው። ጣሳውን ለኩት፣ ፎቶ አነሱት፣ ክዳኑ ሲከፈት ምን እንደሚሰማት ጠየቋት። ተመልሰው ሲመጡ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ ከጣሳው የሚበልጥ የካርቶን መክፈቻ ተሸክመው ነው። «እሰይ! እጃችሁ ይባረክ! ያለዚህ እንዴት ስኖር ኖሬያለሁ!» አለች። ሲወጡላት ክዳኑን እንደ ሁልጊዜው በማንኪያ ጭራ ፈልቀቅ አደረገችና በመክፈቻው በሩን ደገፈችበት።

ዝምተኛዋ ግን ከመውጣታቸው በፊት እጇን ልትታጠብ ገብታ ስትመለስ የአክስቲቱን እጆች ስታይ ነበር። በማግስቱ «ሜትር ረስቼ» ብላ ብቻዋን መጣች። የረሳችው ሜትር ግን አልነበረም።

«እማማ፣ ሻይ አይወዱም?»

«ውይ፣ ነፍሴ ነው!»

«ለእኛ ሲቀዱ ነው እንጂ ለራስዎ ሲቀዱ አላየሁም።»

አክስቲቱ የጠረጴዛውን ልብስ ማስተካከል ጀመረች።

«ሲንኩም» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጫፉ ሁለት ቦታ ላይ ተለይቶ ያብረቀርቃል፤ እጅ የሚያዝበት ቦታ። አያቴ የምትይዘው የበሩን እጀታ ነበር። ተነቅሎባት ወደቀች።»

የአክስቲቱ ፊት ጋለ። በዚህ ዕድሜዋ፣ በልጅ ልጅ ዕድሜ ባለች ልጅ ፊት፣ ራቁቷን የቀረች መሰላት። «ለሱ እንዳትነግሪው» አለች በመጨረሻ። «ማይልኝ። ካወቀ ዓይኑን ቀና ብዬ አላይም።»

«አልነግርም። ግን ጓደኞቼ ሳያውቁ መሥራት አንችልም። እነሱንም አስምላቸዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ማሙሽ ወደ ሥራ መውጣቱን እያዩ ይመጡ ጀመር። የመቀመጫውን ልክ በካርቶን አወጡ፤ መደገፊያውን በመጥረጊያ እንጨት ሞከሩት። ረጅሙ የአሮጊት ጉልበት እንዲኖረው ብሎ እግሮቹን በፎጣ ጠፍንጎ ሲቀመጥ ሲነሳ ላቡ ጠብ አለ፤ አንዴማ መነሳት አቅቶት «እማማ ድረሱልኝ!» ሲል አክስቲቱ እስክታነባ ሳቀች። «እዚህ ጋ ይሁን ወይስ ዝቅ ይበል?» ይሏታል። ልብስ ሰፊ ሆና ሰውን ሁሉ እንዲህ ስትጠይቅ ኖራ፣ እሷን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ትዝ አላላትም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። አዳራሹ በወላጅና በመምህር ጢም ብሏል። አክስቲቱ የመምህሩ አክስት ናትና ከፊት፣ ጥልቅ ባለ ለስላሳ ወንበር ላይ በክብር አስቀመጧት። ልጆቹ ከባድ የእንጨት መሠረት ላይ የቆመ የብረት መደገፊያ ጎትተው መድረኩ ሥር አቆሙ። አቅም ያነሰው ሰው ከዝቅተኛ መቀመጫ ይዞት የሚነሳበት ነው አሉ።

ማሙሽ መነጽሩን አወለቀ። «እቤት በር ተደግፎበት ያየሁት የጣሳ መክፈቻስ?»

«ትተነዋል፣ መምህር» አለ አፈኛው።

«ይህን ማን ፈለገው? ማንን ጠየቃችሁ?»

«አንዲት እናት» አለች ዝምተኛዋ። «ማንነቷን እንዳንናገር ቃል ገብተናል።»

«እኔ የላክኋችሁ አክስቴ ጋ ነው። ከአክስቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የምኖረው፤ እንዲህ ያለ ችግር የለባትም!» ድምፁ ከፍ አለ። «ሰው ሳትጠይቁ ችግር ፈጥራችሁ ነው የመጣችሁት። እንዲህ አድርጋችሁ አትመረቁም። ለመጨረሻ ጊዜ፣ ማንን ጠየቃችሁ?»

ሦስቱም አቀረቀሩ። የአፈኛው አባት ከኋላ የኮቱን ቁልፍ ሲያስርና ሲፈታ አክስቲቱ አየች። ልጆቹ የሷን ገመና ሸፍነው ሊወድቁ ነው። ልትነሳ ሞከረች። ወንበሩ መልሶ ዋጣት። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ዋጣት። አዳራሹ ሁሉ አየ፤ ማሙሽም አየ። ከጎኗ ያለ ሰው እጁን ሊዘረጋላት ሲል ዝምተኛዋ መደገፊያውን እየገፋች መጣች፤ ረጅሙም ልጅ እንዳይነቃነቅ መሠረቱ ላይ ቆመበት። አክስቲቱ ብረቱን ጨበጠች፤ ተነሳችም።

«እኔን ነው የጠየቁት፣ ማሙሽ» አለች።

ተማሪ ሁሉ ክቡር ለምን ማሙሽ መባሉን ሰማ። አንድም የሳቀ የለም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። ድምፁ ከስፌት መኪናዋ ሥር የሚወጣ ይመስል ነበር።

«አልጠየቅከኝማ። ብሎኑን ጠየቅህ፣ ግድግዳውን ጠየቅህ…»

የቀረውን ዋጠችው፤ ያወጣችውንም ብትውጠው በወደደች ነበር። የማሙሽ ጆሮዎች ልጅ ሆኖ ጥፋት ሲገኝበት እንደሚያደርጉት ከጫፋቸው ጀምረው ቀሉ። የራሷን እፍረት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሸኝታ የሱን ተቀበለች፤ የሱ ደግሞ ባሰባት። እሱ መነጽሩን ማድረግ አቅቶት፣ «የእነዚህን ልጆች ውጤት ሌላ መምህር ይስጥልኝ። እኔ ዛሬ ማንንም መጠየቅ አይገባኝም» አለና ተቀመጠ።

ሌላው መምህር አሳለፋቸው። የአፈኛው አባት ሱፉን እንደ ለበሰ መጥቶ የአክስቲቱን እጅ ሳመ።

ማሙሽ መደገፊያውን መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ራሱ ተከለው። ተንበርክኮ፣ ቀና ብሎ ሳያያት፣ «እዚህ ጋ ነው ወይስ ዝቅ ይበል?» አላት። «እዛው ጋ ደህና ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ግን ከአፉ ጥያቄ ጠፋ። ሻዩን ዝም ብሎ ይጠጣል፤ በሩን ዝም ብሎ ከፍቶ ይገባል። ማንኪያ ቢወድቅ ያነሳል፣ አለቀ። አክስቲቱ ስንት ዘመን «ምነው አንድ ቀን ዝም ባለልኝ» ብላ ስትመኝ ኖራ፣ ሲሆንላት ቤቱ ሬሳ የወጣበት ቤት መሰላት። ምነው ግንበኛውን እንኳ በረገመ!

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ማሙሽ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። አክስቲቱ ከአልጋው ሥር አሮጌዋን የስፌት መኪና ጎትታ አወጣችና አቧራዋን ጠረገች።

«ማሙሽ።»

«አቤት።»

«የመኪናዋ መርፌ ዓይኗ ለምን ጫፏ ላይ ሆነ?»

ዞር ብሎ አያት። «እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም?»

«አልጠየቅኩህማ።»

መነጽሩን አወለቀ። መጥቶ ወለሉ ላይ፣ ድሮ የሚቀመጥባት ቦታ ቁጢጥ አለና «ይኸውልሽ አክስቴ፣ የላይኛው ክር ጨርቁን አልፎ የታችኛውን ክር መያዝ አለበት…» ብሎ ጀመረ። እጁን እያወናጨፈ፣ መንኮራኩሩን እያዞረ፣ እሷ ሳትጠይቀው ራሱ «ለምን ብትዪኝ» እያለ ቀጠለ። ግማሹ አልገባትም፤ አፉን አፉን ነው የምታየው። ለሱ ሻይ ቀዳችለት፤ ለራሷም ቀዳች።

ነገሩ ገና ከመርፌው ጨርቁን ወደሚጎትቱት ጥርሶች መድረሱ ነው። ቀትር ካለፈም ቆይቷል። አክስቲቱ ለራሷ ሁለተኛውን ብርጭቆ ቀዳች።