ድንጋይ ላይ ሆኜ እጅ ስነሳ

ሽማግሌ ልልክ አራት ቀን ሲቀረኝ የልጅቷ አባት እግር ሥር በአፍጢሜ ተደፋሁ። ከነብስክሌቴ።

አታምኑኝም፤ ግን ባለቤቴ ምስክር ናት። አሁንም ትዝ ሲላት ትስቅብኛለች።

ዛሬ ቤዝመንት ሳጸዳ ብስክሌቷን አየኋት። ጎማዋ ተንፍሷል፣ ካቴናዋ ዝጓል። እስቲ ሠላሳ ዓመት ገደማ አፍኜ የያዝኩትን ልናዘዝ።

ነገሩ በፈረንጅ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፣ እዚሁ ቶሮንቶ። እኔ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ እሠራለሁ። ሮይ የሚባል የጉያና ሰው አብሮኝ ይሠራል። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ግን በብስክሌት ድንጋይ ላይ፣ ግንድ ላይ፣ ደረጃ ላይ ይወጣል። እግሩ መሬት ሳይነካ! ስፖርቱ ትራያልስ ይባላል።

አንድ ቀን አሳየኝ። በቃ፣ ለከፈኝ።

ሌላው ሰው ከሥራ ሲወጣ ኮርስ ይማራል፣ እኔ ዶን ቫሊ የሚባለው ሸለቆ ወርጄ ከድንጋይ ጋር እታገላለሁ።

ትምህርቱ ሲያወሩት ቀላል ነው። ኮርቻው ላይ አትቀመጥም፣ ፔዳሉ ላይ ትቆማለህ። ቀስ ብለህ ትጠጋለህ። ጉልበትህን አጠፍ፣ ፔዳሉን አንዴ ረገጥ፣ መሪውን ሳብ፤ የፊት ጎማው ድንጋዩ ላይ ወጣ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነኝ።

ጣጣው የኋላ ጎማ ነው። የፊቱ ከወጣ በኋላ ደረትህን ወደ መሪው አምጥተህ ክብደትህን ወደፊት መጣል አለብህ። ያኔ የኋላው ይቀለውና ተከትሎ ይወጣል። እኔ ግን በፊቴ መደፋት ስለምፈራ ሁሌ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ሰመሩን፣ የፈረንጅ በጋውን፣ ሙሉ ግማሼ ድንጋይ ላይ፣ ግማሼ ታች ሆኜ ቀረሁ።

ሮይ በየቀኑ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ "ወደፊት! ዝቅ በል!"

እኔ ዝቅ አልልም።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። ሂሩትን ላገባ ነው። ነርሲንግ ትማራለች፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ ጋሽ በላቸው አገር ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ዝም ብለው ሲያዩህ ያልሠራኸው የቤት ሥራ ትዝ ይልሃል።

ስለ ብስክሌቱ ሰው ነግሯቸዋል። "ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው በብስክሌት ድንጋይ ላይ የሚወጣው ምን ሊያገኝ ነው?" ብለው ጠየቋት።  

ወዲያው ኮል አደረገችልኝ። "ስማ፣ እሁድ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ድረስ ያንን ነገር እንዳትነካው። አባዬ በዓይኑ ካየህ እምቢ ነው የሚለው። ፕሮሚስ?"

"ፕሮሚስ" አልኳት።

ሰኞ ቻልኩት። ማክሰኞም ቻልኩት። ረቡዕ አየሩ ጥሩ ሆነ።

ምን ላድርግ? ጋሽ በላቸው ማታ ማታ ቤታቸው አጠገብ ያለውን ሞል፣ የገበያ ማዕከሉን፣ ዞረው እንደሚመለሱ አውቃለሁ። ቫሊ ድረስ ማን ያመጣቸዋል ብዬ ወረድኩ። ሮይ እየጠበቀኝ ነበር።

ለካ ያን ሰሞን ዶክተር ለከረመው የጉልበታቸው ሕመም ረጅም ዎክ፣ የእግር ጉዞ፣ አዞላቸዋል። ይዛቸው የወረደችው ደግሞ ራሷ ሂሩት ናት።

እኔ ምኑን አውቄ። እንደ ልማዴ ተጠጋሁ፣ ረገጥኩ፣ ሳብኩ። የፊት ጎማዬ ወጣ፣ የኋላው ታች ቀረ። ፍሬን ይዤ እየተንቀጠቀጥኩ ቀና ስል ከድንጋዩ ወዲያ ጋሽ በላቸው ቆመዋል፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። ከኋላቸው ሂሩት፣ ዓይኗ ፈጦ።

ሌላ ሰው ቢሆን ብስክሌቱን ጥሎ ይጠፋ ነበር። እኔ ግን አሳዳጊ አልበደለኝም። ትልቅ ሰው ቆሞ እያየኝ እንዴት ዝም እላለሁ? እጄን ከመሪው ማንሳት አልችል፣ ሄልሜቴን ማውለቅ አልችል። የቀረኝ ወገቤ ብቻ ነው።

ከወገቤ እጥፍ ብዬ እጅ ነሳሁ። "እንደምን አመሹ፣ ጋሽ በላቸው?"

በድንጋጤ ፍሬኑን ለቅቄ ፔዳሉን ረግጬዋለሁ መሰለኝ፣ የኋላ ጎማዬ ወጣ።

ሰመሩን ሙሉ እምቢ ያለው ጎማ! ደረቴ መሪው ላይ፣ ክብደቴ ወደፊት፣ ልክ ሮይ እንዳለው። ሁለቱም ጎማ ድንጋዩ አናት ላይ፣ እኔም ከላይ ቆሜ። ሮይ ከኋላዬ "የስ! የስ!" ይላል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ግን የእኛ ሰላምታ በአንድ ያልቃል? ጋሽ በላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አመሸህ?" አሉ። እንግዲህ ሰው ታሞ ከርሞ ጤናውን ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው። "ጉልበትዎን ተሻለዎት?" ብዬ እንደገና ጎንበስ አልኩ።

ድንጋዩ አልቆ ነበር።

የፊት ጎማው በወዲያ በኩል ወረደ፣ እኔም በመሪው ላይ አልፌ እግራቸው ሥር አረፍኩ። አገጬ ተሰነጠቀ፣ ብስክሌቷ ጀርባዬ ላይ ተጫነች። አፍንጫዬ ጫማቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። አፌ ግን አላረፈም፦ "ቤትስ... ሁሉም ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው" አሉ ጋሽ በላቸው ረጋ ብለው። "አንተስ፣ ተርፈሃል?"

ሂሩት አባቷን ይዛ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ደወለች። "የነደደኝ መውደቅህ አይደለም። ፕሮሚስ ብለኸኝ ነው የወረድከው።"  ቀጠለች፦ "አባዬ ምንም አላለም። ምንም ካላለ ደግሞ አበቃ ማለት ነው" ብላ ዘጋችው።

አገጬን ረሳሁት። ላጣት ነው ብዬ ሦስት ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ።

እሁድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሄዱ። እኔ በወጉ መሠረት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ አገጬ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ስልኩ ላይ አፍጥጫለሁ። ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ሳቅ አላናግር ብሏቸዋል።

ጋሽ በላቸው እንዲህ ብለዋቸዋል፦ "ብስክሌቱን አልወደድኩትም። ልጄን ዋሽቷታል፣ ለዚያ እሷው ትቅጣው። ግን እዚህ አገር ስወጣ ስገባ፣ አፈር ላይ ተደፍቶ ደሙ እየወረደ የቤተሰቤን ደህንነት የጠየቀኝ ሰው አላጋጠመኝም። ልጄን ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሩልኝ፤ ከእንግዲህ ሲያየኝ መጀመሪያ ይውረድ፣ ከዚያ ሰላም ይበለኝ።"

እስኪያርፉ ድረስ ወርጄ ነው ሰላም ያልኳቸው። ሂሩት ቅጣቷን ገና አልጨረሰችም።

ያን ድንጋይ ግን ከዚያ ወዲህ አንዴም አልወጣሁትም። ስንት ጊዜ ሞከርኩት መሰላችሁ። ሮይ "አማትህን ይዘሃቸው ና" ይለኝ ነበር፣ እውነቱን ነው።

እስቲ ፍረዱኝ፤ እናንተ ብትሆኑ ሁለተኛውን ሰላምታ ትተዉት ነበር?