ለማማረርም ተራ አለ

ሰፈር ያለ መብራት ይኖራል፤ ያለ ቦኖም ስንት ዓመት ኖሯል፤ ያለ ነቃፊ የኖረ ሰፈር ግን ማንም አላየም። መንገድ ሲጠረግ «አቧራው!»፣ ዝናብ ሲጥል «ጭቃው!»፣ ሠርግ ተጠርቶ ሩዙን አጣጥሞ ከጨረሰ በኋላ «ጨው በዝቶበታል» የሚል አንድ ሰው የግድ አለ። በጭሮ ዳርቻ፣ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሰፈር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት ያለ ደመወዝ የተሸከሙት ክቡር ሐጂ ሳቢት ናቸው።

አስተማሪዋ ረዲያ ይህን ያወቀችው «ጭላንጭል» የተባለውን የኪነ ጥበብ ማኅበር በከፈተች ሰሞን ነው። ጫት ይራገፍበት የነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ለምና አግኝታ፣ ሰፈርተኛው ከሥራ በኋላ የሚሰበሰብበት አደረገችው። ልብስ ሰፊው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ቲማቲም ቸርቻሪዋ እዚያ ይዘፍናሉ፣ ይሥላሉ፣ ትያትር ያጠናሉ። ሐጂም ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ኢንተላ ኮ፣» ይሏታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይሄ ከበሮ ነው ወይስ ጣሪያው ላይ ፍየል እየሮጠ ነው?»

ሥዕል ሲሰቀል «የግመሏ እግር አጥሯል፤ ሚኤሶ ወርዳችሁ ግመል አታዩም?» ይላሉ። ግጥም ሲነበብ «ቤት አይመታም!» ዝም ሲባል ደግሞ «ዛሬስ ምነው ሞታችኋል?»

አንድ ቀን ረዲያን መረራት። «ሐጂ፣ ካልወደዱት ለምን ይመጣሉ?»

«ካልመጣሁ አለመውደዴን በምን አውቃለሁ?»

ነገር የከረረው በቦኖው ትያትር ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር በውኃ ተራ ተጣልተው፣ ጄሪካን ተወራውረው፣ ሰው ተፈንክቶ፣ ሰላምታም ተቋርጦ ነበር። ረዲያ ይህንኑ ጠብ ትያትር አድርጋ ሁለቱንም ሰፈር ጠራች። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ዓባይ ፈቃዱን ሲሰጧት «አንድ ሰው ቢጎዳ ግን ቤቱ ይታሸጋል» ብለው አስጠነቀቋት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ጢም አለ። ላይ ሰፈር በቀኝ፣ ታች ሰፈር በግራ ተቀመጠ። መሐሉ ላይ ማንም የማይደፍረው ባዶ ቦታ ቀረ። ሐጂ ሳቢት ወንበራቸውን ጎትተው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ብቻቸውን ተሰየሙ። ረዲያ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ታያለች።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ኋላ ግን ቲማቲም ቸርቻሪዋ ሳጂዳ የላይ ሰፈር ሴት ሆና ተራ ስትቀማ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ኢርሻድ ከቀኝ በኩል ብድግ አለ።

«እኛን ነው ሌባ የምትሉት?»

«ውሸት ነው እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከግራ።

አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ በሩ ጎተቱ። ሳጂዳ ጄሪካኗን እንዳቀፈች መድረኩ ላይ ደርቃ ቀረች። ረዲያ ወጥታ «ስለ አላህ!» ብትል የሚሰማት ጠፋ። ኢርሻድ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ግራ አመራ። በሩ ላይ አቶ ዓባይ ስልካቸውን ሲያወጡ አየች። አለቀ፣ አለች በልቧ።

ሐጂ ሳቢት ተነስተው ከዘራቸውን ኢርሻድ ፊት ዘረጉ።

«ቁጭ በል!»

«ሰደቡን እኮ፣ ሐጂ!»

«እኔ ዝናብ እየደበደበኝ፣ ፀሐይ እያቃጠለኝ ይሄን ቤት ስሰድብ ከረምኩ። አንተ ዛሬ ገና መጥተህ ልታፈርሰው ነው? እዚህ ለማማረርም ተራ አለ። ከኔ ኋላ ተሰለፍ!»

ከግራ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ከቀኝም ተከተሏት። ሐጂ ወደ ግራ ዞሩ። «እናንተን ምን ያስቃችኋል? ያን ጊዜ የቤቴን በር የሰበረው የማን ጄሪካን ነው?» ከዚያ ወደ መድረኩ፦ «አንቺም ቀጥይ እንጂ፤ ሰው እየጠበቀሽ ነው!»

ኢርሻድ ተቀመጠ። ሳጂዳ ቀጠለች። ትያትሩ ሲያልቅ ከሁለቱ ሰፈር ሴቶች ጥቂቶቹ በር ላይ ተጨባበጡ፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። አቶ ዓባይም ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

ረዲያ ልታመሰግን ሐጂን ብትፈልግ አጣቻቸው። ያገኘችው ባለቤታቸውን አዴ ሹክሪያን ነው።

«ዛሬ እሳቸው ባይኖሩ ጠፍተን ነበር። እኔ እንኳ የሚጠሉን ነበር የሚመስለኝ።»

አዴ ሹክሪያ ሳቁ። «ልጄ፣ የጭነት መኪና መንዳቱን ካቆሙ ወዲህ፣ ወላሂ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚውሉት። እንግዳ ቢመጣ አያናግሩም። አሁን ግን ሰዓቱ ሲደርስ ‹ሸሚዜን አምጪልኝ› ነው። እናንተን ሊቆጡ ተላጭተው፣ ሽቶ ተቀብተው ይወጣሉ።»



በሚቀጥለው ልምምድ ሳጂዳ መጋረጃውን አስተካክላ ልታስር ስትል ረዲያ እጇን ያዘቻት። «ተዪው፤ ትንሽ ይዝመም።»

ሳጂዳ «ለምን?» ሳትል ከዘራው ደጃፉ ላይ ተሰማ።

«ሱብሃነላህ! ማነው ይሄን የሰቀለው?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ፤» አለች ረዲያ። «አልሆን አለኝ። ይግቡና ያሳዩኝ።»

ሐጂ ሳቢት መጋረጃውን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ኮታቸውን አወለቁ።