የአቶ ኦርቪል ዓይን

ሰው ባለበት አገር ሁሉ ሜትር የማይነካ ባለሙያ አለ። አጥር ሲያጥር አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በር ሲገጥም አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በሩ አልዘጋ ሲል ጥፋቱ የቤቱ ነው። ለእኛ ለቴክሳስ ኦቾሎኒ አብቃዮች የደረሱን ክቡር አቶ ኦርቪል ታኬት ናቸው።

ክቡርነታቸው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን መስቀል በዓይናቸው ለክተው ሰቅለው ወደ ምዕራብ አዘመሙት። ፓስተሩ ፈራ ተባ እያለ ቢነግራቸው የዘመመው መሬቱ ነው አሉት። ይኸው ስድስት ዓመት አንገታችንን አጣመን እንጸልያለን። ለምን አይለኩም ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ዓይኔ ነው መለኪያዬ።»

የሠፈሩን ጠመንጃ የሚገጥሙትም እሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ጠመንጃ ሙሉውን አይገዛም፤ ክፍል ክፍሉን ያስመጣና ራሱ ይገጥመዋል። እኔን የመሰለ እጀ ሰባራ ደግሞ ተሸክሞ ወደ አቶ ኦርቪል ጋራዥ ይሄዳል።

በርሜሉ ላይ የምትጠልቅ ጋዝ ብሎክ የምትባል ትንሽ ብረት አለች። ቀዳዳዋ ከበርሜሉ ቀዳዳ ጋር ሲገጥም የባሩዱን ጋዝ ወደ ኋላ ትልካለች፤ ጠመንጃው ቀጣዩን ጥይት የሚጎርሰው በዚያ ነው። ድሮ በእሷና በበርሜሉ ትከሻ፣ ማለት በርሜሉ ወፈር በሚልበት ቦታ፣ መካከል ስስ ቆርቆሮ ነበረች። ቆርቆሮዋ ዛሬ ቀርታለች፤ ቦታዋ ግን ክፍት መተው አለበት። ያቺን ክፍተት አይቶ እጁን የማይበላው ወንድ እኛ አገር አልተወለደም። ጥግ እስክትይዝ ይገፋትና ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

አቶ ኦርቪልም ይገፏታል። ቆሜ አይቻለሁ። የሚያናድደው ግን የእሳቸው ጠመንጃ ይሠራ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ተመልሶ አልመጣም። እኔ በሜትር የለካሁት የላም በረት ተንጋዶ የእሳቸው ዓይን እንዲህ ሲያደርግ ሰው በፈጣሪው ቢያኮርፍ ይፈረድበታል?

ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ቤት ካርታ እንጫወት ነበር። ካርታው ሃምሳ ብቻ ነው። ሁለቱ የት ገቡ ሲባል ባለቤታቸው ወይዘሮ ቨርሊን አይጥ በላቸው ይላሉ፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ወይዘሮ ቨርሊን አረፉ። ነሐሴ ላይ የዱር አሳማዎቹ መጡ። ሠላሳ ይሆናሉ፤ በሦስት ቀን የማሳዬን ግማሽ ገለበጡት። የቀረው ግማሽ ካለቀ አሥራ አምስት ዓመት ያረስኩትን መሬት ትቼ ከተማ ገብቼ የመጋዘን ዘበኛ መሆኔ ነው። ሚስቴ ማልቀሱን ትታ ዕቃ መጠቅለል ጀምራለች።

አቶ ኦርቪል የገጠሙልኝን አዲስ ጠመንጃ ይዤ ጎህ ሲቀድ ማሳው ዳር ተኛሁ። አንድ ተኮስኩ፤ አንዱ ወደቀ። ደግሜ ቃታውን ብስብ ዝም። በእጄ ጎትቼ እስካጎርስ ሌሎቹ ጥሻ ገቡ፤ ቁርሴን ሳልጨርስ ተመልሰው መጡ። በቃ፣ ተስፋዬ እዚያው ተቆረጠ።

እውነቱን ልናገር፣ ልሰድባቸው ነው ጋራዣቸው የሄድኩት። ጠመንጃውን ተቀብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጥፋቱ የጥይቱ ነው አሉ። ከዚያ የጎረቤቴ የክለም ጠመንጃም እንዲህ እንደሆነበት፣ የፓስተሩም እንደዚሁ፣ ሁሉም ከመጋቢት ወዲህ የተገጠሙ እንደሆኑ ነገርኳቸው።

«አቶ ኦርቪል፣ የቀረኝ ግማሽ ማሳ ነው። እሱ ከሄደ እኔም ሄድኩ» አልኳቸው።

ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤቱ በር አመሩ።

«ትንሽ ጋደም ልበል፣ ልጄ። ሁለቱ ካርታ ከጠረጴዛው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ደራርበህ የበርሜሉ ትከሻ ላይ አድርጋቸው፣ ብረቷን እነሱ ላይ አስጠጋ፣ ከዚያ ብሎኑን አጥብቅ። ካርታዎቹን ማውጣት እንዳትረሳ።»

 እሳቸው ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ነው።

«ቨርሊን የምትሠራው እኔ ስተኛ ነበር። እኔም የምተኛው እሷ እንድትሠራው ነበር። አንድ ቀን አልተነጋገርንበትም።»

ካርታዎቹ አሉ። የልብ ንግሥትና አንዲት ሰባት፣ ጠርዛቸው በዘይት ጠቁሯል። እንደተባልኩት አደረግሁ። ያቺ ሴት ሃያ ዓመት ሰው ሳያያት እዚህ ጎንበስ እያለች የባሏን ስም ስትጠብቅ ታየችኝና ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ብሎኑን በዳበሳ ነው ያጠበቅሁት።

አቶ ኦርቪል ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጸጉራቸው ተንጨብሮ ተመለሱ። ጠመንጃውን አነሡ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዓይኔ ነው መለኪያዬ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር።

«ማን ይጠራጠራል» አልኳቸው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጠመንጃው አሥሩን ጥይት ሳያቋርጥ ጎረሰ። ግማሹ ማሳ እስከ ዛሬ የእኔ ነው። ክለም የከብት መኖ መሸጫው ጋ አግኝቶኝ ማን አስተካከለልህ አለኝ። አቶ ኦርቪል፣ በዓይናቸው አልኩት። የራሱን ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሊያመጣላቸው ነው። እሳቸው ጋደም የሚሉት በዚያ ሰዓት ስለሆነ፣ እኔም እዚያው እገኛለሁ።