የኦቦ ዲንሳ ኮምፔንሳቶ

ወንድ ልጅ ትዳር ከመያዙ በፊት ጠንቅቆ ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ ሴቲቱንና እንጨቱን። እኔ ሴቲቱን አውቃት ነበር።

እንጨቱን ግን ሰው ጠየቅሁ። የእጮኛዬ የጫልቱ አባት ኦቦ ዲንሳ ከሠርጉ በፊት ከጊዳ አያና ወደ ነቀምቴ መጥተው ልጃቸው የምትገባበትን ቤት ሊያዩ ነው። ወግ ነው፤ ቤቱን ካልወደዱት ልጅቷ የለችም! እኔ ደግሞ ከሸዋ የመጣሁ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ እንጨት የማውቀው ምድጃ ውስጥ ነው። ጎረቤት ሁሉ አማካሪ ሆነልኝ። «ባሕር ዛፍ ለግድግዳ እንጂ ለአልጋ አይሆንም፤ እርጥቡን ከሠራህበት ሲደርቅ ይጣመምብሃል። ዝግባ ሲላግ ያምራል፤ የወለጋ ምስጥ ግን አንተ ሳትተኛበት ይመገበዋል። ምስጥ የማይደፍረው፣ የማይጣመም ዋንዛ ነው... ዋንዛ አድርገው!» አሉኝ። አደረግሁት። አልጋውም፣ ጠረጴዛውም፣ ሳጥኑም ዋንዛ ሆነ።

ኦቦ ዲንሳ መጡ። አልጋውን በከዘራቸው ቆርቆር አደረጉት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዋንዛ ነው፣ አባቴ።»

«ዋዴሳ?» በኦሮምኛ ሲጠሩት ፊታቸው ጠቆረ። «ከብቶቼ ውሃ የሚጠጡበት ገንዳ ምንድን ነው?»

«ዋንዛ... ይሆን?»

«ንቦቼ የሚኖሩበትስ?»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶኛል።

«ልጄን ለመንግሥት ሠራተኛ የሰጠሁት ከዋዴሳ ትገላገል ብዬ ነው! አንድ ግራዝማች ቤት ያየሁት ቁም ሳጥን አለ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ኮምፔንሳቶ የሚሉት። እሱ ካልገባ ልጄ አትገባም።»

እሺ ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ጫልቱን እወዳታለሁ። ቁም ሳጥኑን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ በጭነት መኪና አናት ላይ፣ በግንቦት ዝናብ። ኮምፔንሳቶን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ስስ ስስ እንጨት በሙጫ ተደራርቦ የተጣበቀ ነው። ቀላል ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ያብረቀርቃል። የቁም ሳጥኑ ጀርባ ደግሞ ፋይዚት ነው፤ ተፈጭቶ የተጠፈጠፈ እንጨት። ሁለቱም አንድ ጠላት አላቸው፤ ውሃ።

እኔ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም። የሠርጌን ሱፍ ሰቅዬ ዘጋሁት። በሠርጉ ዋዜማ ልከፍት ብል በሩ አብጦ ነክሷል። ሚዜዬ ቶሎሳ፣ ጉልበቱን የሚያምን አስተማሪ፣ ቢስበው እጀታው እጁ ላይ ቀረ።

«በኋላ በኩል እንሞክር» አለ።

ፋይዚቱን ገፋ ቢያደርገው እጁ ገንፎ ውስጥ እንደገባ ዘልቆ ገባ። ቦጫጭቀን ጣልነው። ሱፉን አወጣን፤ በሩንም ከውስጥ በርግጫ ከፈትነው። ደስ አለን! ደስታችን ግን ቁም ሳጥኑ መወዛወዝ እስኪጀምር ድረስ ነበር። ለካ ቀጥ አድርጎ ያቆመው ያ የናቅነው ጀርባው ኖሯል...

ይኼኔ ኦቦ ዲንሳ የአገራቸውን ሽማግሌዎች አስከትለው ደጃፍ ደረሱ። መንገዱን ሙሉ ያወሩላቸው ስለ ቁም ሳጥኑ ነበር። ቶሎሳ ከኋላ ገብቶ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። እኔ የቁም ሳጥኑን በር ገርበብ አድርጌ ፊት ለፊት ተገተርኩ።

«ፈቀቅ በል ልጄ፣ ይዩት» አሉኝ ኦቦ ዲንሳ፤ ራሳቸው ከፈቱት።

ቶሎሳ ውስጥ ቆሟል። ተያዩ።

«አከም ጅርታ?» አሉት፣ ደኅና ነህ ወይ ማለታቸው ነው።

«ፈያ» አለ ቶሎሳ፣ እጁን ሳይለቅ።

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። እኔ ጫልቱን በልቤ ተሰናበትኳት። እሳቸው ግን ከዘራቸውን አስተካክለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«አያችሁ? የዋዴሳ ሳጥን የሚከፈተው በአንድ በኩል ነው። ይህ በፊትም በኋላም ይከፈታል።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ግን አላስችል አላቸው።

«ልጁስ፣ ኦቦ ዲንሳ?»

«ዘበኛው ነው» አሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። «እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ ዘበኛ ይቀመጣል?»

ያን ጊዜ ሰውየውን ከልቤ ወደድኳቸው። ሽማግሌዎቹ መረቁን፤ በማግስቱም ጫልቱን አገባሁ። ጊዳ አያና ግን ከዚያ ወዲህ ልጅ የሚጠይቅ ወንድ ሁሉ ችግር ላይ ወድቋል አሉ። ቁም ሳጥን አለኝ ሲል፣ «ዘበኛውስ?» ይባላል።