እትዬ አትነሺ

በሽታ ያልገባበት ቤት ይኖር ይሆናል፤ «አትነሺ፣ እኔ አለሁ» የምትል ዘመድ የሌለችበት ቤት ግን የለም። ለልብስ ሰፊዋ የደረሰቻት ታላቅ እህቷ ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ አትነሺ» የሚላት።

ልብስ ሰፊዋ ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ኬሞ በመውሰድ ላይ ሳለች፣ ክብርት እትዬ ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ፤ ቤቱንም በቁጥጥራቸው ሥር አዋሉት። ብርጭቆ ልታነሳ ስትል «አትንኪ!» መጋረጃ ልትገልጥ ስትል «ኧረ ክንድሽን!» አንድ ቀን ልታስነጥስ አፏን ስትከፍት መሐረቡ ቀድሟት አፍንጫዋ ላይ ደረሰ፤ ማስነጠሱ ራሱ ግራ ገብቶት ተመለሰ።

ክንዷ ግን ከትከሻዋ በላይ አልነሣ ብሏል። እጇ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ ካልደረሰ ልብስ ሰፊነቷ አበቃ ማለት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም በየቀጠሮው «ቀስ እያልሽ አንሺው፤ ካላሠራሽው ይደርቃል» ትላታለች። ሆስፒታል አንሺ፣ ቤት አትነሺ። ማንን ትስማ? ሁለቱም የሚያወሩት ስለዚሁ ክንድ መሆኑን መጠራጠር ጀመረች።

በመጨረሻ እትዬ አብረዋት ሆስፒታል ሄዱ። እህታቸው ጣቶቿን በግድግዳው ላይ እያራመደች ክንዷን ወደ ላይ ስትገፋ፣ ግማሽ ላይ ፊቷ ሲኮማተር አዩ። ብድግ ብለው ከጎኗ ቆሙና የራሳቸውን ክንድ እስከ ጫፍ ሰቀሉ።

«በቃ፣ የሷን እኔ ሠራሁላት። እሷ ትረፍ።»

ባለሙያዋ አንዷን አየች፤ ሌላዋን አየች። «እማማ፣ ታካሚዋ... እሷ አይደለች እንዴ?»

«ብትሆንስ ልጄ? ያወጣን አንድ ማህፀን አይደለም?»

ባለሙያዋ ትሳቅ ትቆጣ ጨነቃት። «እንግዲያው ለእርስዎም የቤት ሥራ አለኝ። ብርጭቆዋን ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡና እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ይቁሙ።»

እትዬ ከዚህ የከበደ ትእዛዝ ገጥሟቸው አያውቅም። በማግስቱ ብርጭቆውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ዘረጋች፤ ግማሽ ላይ ቆመ። ዞር ስትል እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ግንባራቸው ወዝቶ ቆመዋል።

«እትዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ አንሺ!»

እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ሳቋ መጣ፤ እየሳቀች ተንጠራራች፤ ጣቷ ብርጭቆውን ነካው፣ ከዚያም ያዘው። አወረደችና ውሃ ሞላችው።

እትዬ ዓይናቸውን ሲገልጡ ብርጭቆው ፊት ለፊታቸው ነበር። እጃቸውን ከኋላ መፍታት ጨርሶ ረስተዋል፤ ስለዚህ ውሃውን ራሷ፣ በዚያችው ክንዷ፣ አጠጣቻቸው።