የክቡር አንቀጽ አምስተኛ ገጽ

በየቤተሰቡ ሌላው ሰው የማያነበውን ሁሉ የሚያነብ አንድ ሰው አይጠፋም። በአንዲት መምህርት ቤት ይህ ሰው አብረዋት የሚኖሩት አጎቷ ናቸው፤ ጎረቤቱ «ክቡር አንቀጽ» ይላቸዋል። ሊፍት ውስጥ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ አንብበው ሳይጨርሱ አዝራር አያስነኩም። የሳል ሽሮፕ ሲገዙ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ለፋርማሲስቷ ያነቡላታል። መምህርቷ ካልመጣች እራት አይቀርቡም፤ ቀርበውም ወሬው ምንም ይሁን ምን «ከታች በደቃቁ የተጻፈውን አይተሻል?» ማለታቸው አይቀርም። እሷም ስንቴ በሆዷ «ኧረ ይተዉኝ» ብላለች።

አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጣጠፈች፣ ውጭ አገር ያለችው እህቷ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ የመጀመሪያ ልጇን እንደምትወልድ፣ አጠገቧም ሰው እንደሌላት አነሳችላቸው።

«እሄድላታለሁ ጋሼ። ያኔ ታምሜ ወደ እሷ የምሄድበትን በረራ ስሰርዝ ገንዘቡን ባይመልሱልኝም ለሌላ ትኬት በሚሆን የጉዞ ክሬዲት ይዘውልኛል። ለአንድ ዓመት ይሠራል፤ እኔ ደግሞ ሰባት ወር እንኳ አልሞላኝም።»

«ዓመቱ ከመቼ ይቆጠራል?»

«ከሰረዝኩበት ነዋ።»

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ከመሳቢያቸውም ትኬቱን በገዛች ዕለት ያሳተሙትን አምስት ገጽ አወጡ። «ከተገዛበት ቀን ነው የሚለው። የገዛሽው ከመሰረዝሽ አምስት ወር ቀድመሽ ነው። አራት ቀን ቀርቶሻል።»

ፎጣው ከእጇ ወደቀ። የመምህር ደሞዝ ሁለተኛ ትኬት አይገዛም፤ እህቷም በአራት ቀን ውስጥ አትወልድላትም።

«በቃ፣ አለቀልኝ።»

«አንቀጹ መች አለቀ» አሉና አየር መንገዱ ጋ ደወሉ፤ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፈቱት።

«የኔ ልጅ፣ ቀኑ የሚያልፈው ትኬት ለመቁረጥ ነው ወይስ ለመብረር?»

«ለመቁረጥ ነው አባባ። እስከዚያ ከቆረጡ ጉዞው ከዚያ በኋላም ይሆናል።»

«ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?»

ሠራተኛዋ ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ። «አራተኛው ላይ።»

«አምስተኛው ነው። ግን ልክ ነሽ፤ ተባረኪ።»

ትኬቱ በዚያው ስልክ ተቆረጠ። በጉዞዋ ቀን፣ በአየር ማረፊያው በር ገብታ ዞር ስትል፣ አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁት አጎቷ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ክልከላ እያነበቡ ነበር።

ሕፃኗ በተወለደች ማግስት፣ እናትና ልጅ ተኝተው ሳለ፣ መምህርቷ አጎቷ ቦርሳዋ ውስጥ የከተቱላትን አምስት ገጽ አውጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከሁሉም በታች፣ በእርሳስ፣ ከኅትመቱም በደቀቀ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«የመመለሻ ቀን አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ ይለወጣል። አትቸኩይ። እራቴን በጊዜው እበላለሁ።»

ክቡር አንቀጽ ውሸት ሲጽፉ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።