ለንጉሥ ባጭሩ አይነገርም

ከመብራት መሥሪያ ቤታችን በር በላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ለንጉሥ ደግሞ ባጭሩ አይነገርም። የካርድ ቆጣሪ አቃቂ ቃሊቲ ከገባ ወዲህ መብራት የጠፋበት ሁሉ ይህን ክብር በየተራው አግኝቷል።

ወይዘሮ ሐጀራ ግን ለክብር ጊዜ አልነበራቸውም። ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች እርጎ ይሸጣሉ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ካርዳቸውን እያውለበለቡ ገቡ።

«ትናንት አስሞላሁት፤ ቆጣሪው አልቀበልም አለኝ። ፍሪጄ ጠፍቷል፣ እርጎዬ ሊበላሽ ነው። ምን ላድርግ?»

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወልደየሱስ ከቢሯቸው ድረስ ወጥተው አስረዷቸው።

«ቆጣሪው የቅድመ ክፍያ መረጃን ከማዕከላዊ ሲስተም ጋር በማናበብ የሀገራችንን የዕድገት ጉዞ የሚያፋጥን ቴክኖሎጂ ነው።»

«ይሁን፣ ያፋጥን። እኔ የቱን ልጫን?»

«ወደዚያው እየመጣሁ ነው። ለመሆኑ ቴክኖሎጂ ስንል ምን ማለታችን ነው?»

መስኮት ሦስት ላይ የተቀመጠው ሙንታሲር ርቦታል። አቶ ወልደየሱስ የራሳቸውን ድምፅ ብቻ እየሰሙ ሲቀጥሉ አንገቱን አስግጎ፣ «እትዬ ሐጀራ፣ ካርዱን ገልብጠው ይክተቱት። ወርቃማው ነገር ወደ ግድግዳው ይዙር» አለና ምሳውን ሊበላ ወጣ።

ሴትዮዋ ሄዱ። መብራቱ መጣ። እርጎው ተረፈ። መሥሪያ ቤታችን ግን ተናወጠ።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ሌላውን መስኮት ሁሉ እያለፈ ሙንታሲር ጋ ተሰለፈ። አንድ አንድ ቃል እየሰማ ሄደ። እኩለ ቀን ሳይሆን ወረፋው አለቀ። ወረፋ የሌለበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ሥራ ላይ መሆኑ በምን ይታወቃል? በሙንታሲር ላይ አስቸኳይ ግምገማ ተጠራ።

«ግንዛቤ ሳታስጨብጥ ደንበኛዋ እንዲገባት አድርገሃል። ታምናለህ?»

«አምናለሁ። ርቦኝ ነበር።»

ግለ ሂስ ማድረጉ በበጎ ታየለት። ዳግመኛ ባጭሩ ላለመናገር ፈርሞ፣ ቂሊንጦ ወዳለው መጋዘን ተዛወረ። እዚያ የሚያነጋግረው ትራንስፎርመር ብቻ ነው፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ጥያቄ የለውም።

በእሱ ፈንታ «ቴክኖሎጂን ለደንበኛ በቀላል ቋንቋ የማስረዳት ስትራቴጂ» የተባለ ታላቅ የምክክር መድረክ ተዘጋጀ። ደንበኛው በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ አዳራሹን ሞላ። ለፕሮጀክተሩ ሲባል ወፍራሙ መጋረጃ ተዘጋ። ወይዘሮ ሐጀራ ከፊት ሆነው እጃቸውን አወጡ።

«ያ ልጅ የት ሄደ? መልሱልን እንጂ!»

«ጥያቄዎ ገንቢ ነው፤ በስተመጨረሻ እንመለስበታለን» አሉ አቶ ወልደየሱስ፤ ንግግራቸውንም ከእሳት መገኘት ጀመሩ። ፕሮጀክተሩና ግዙፎቹ ድምፅ ማጉያዎች የአዳራሹን ቆጣሪ ሲመጠምጡ ቆዩ። ንግግሩ ኩራዝ ላይ እንደደረሰ የቆጣሪው ሒሳብ አለቀ። ጨለመ።

የተሞላ ካርድ መጣ። ሥራ አስኪያጁ በገዛ እጃቸው ከተቱት። ቆጣሪው አልቀበልም አለ። በሞባይል ብርሃን የማኑዋሉን መቅድም አነበቡ፤ አሁንም እምቢ አለ። ቢጨንቃቸው ቂሊንጦ ደወሉ፤ በድንጋጤም ይሁን በግልጽነት መርሕ ድምፁን ለአዳራሹ ለቀቁት።

«ሙንታሲር፣ ካርዱን አልቀበል ብሏል! ምን እናድርግ?»

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ጥያቄዎ ወቅታዊ ነው። በቅድሚያ ካርድ ስንል ምን ማለታችን ነው?»

«ባጭሩ ንገረኝ!»

«ባጭሩ ላልናገር ፈርሜያለሁ።»

«በል ነገ ወደ መስኮትህ ተመለስ!»

«በደብዳቤ ይሁንልኝ፣ ጋሼ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ጸሐፊዋ ተጠራች። ኮምፒዩተሩ ግን መብራት ይፈልጋል። ከጨለማው ውስጥ የወይዘሮ ሐጀራ ሳቅ ተሰማ።

«እርስዎ ያውቁታል አይደል? ይንገሩን እባክዎ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ ምኑን አውቄ፣ ገና ግንዛቤ አልጨበጥኩ! ግን እስክሪብቶ መብራት አይፈልግም። ልጁን መመለስዎን በእጅዎ ይጻፉልኝ፣ ከዚያ አስታውስ ይሆናል።»

አቶ ወልደየሱስ በሞባይል ብርሃን ጻፉ፤ ፈረሙ። አንድ መስመር ብቻ ናት፤ በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ እሷን የምታህል አጭር ደብዳቤ ወጥታ አታውቅም። ወይዘሮ ሐጀራ ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ከተቱ፤ ካርዱን ተቀብለው ገለበጡት።

መብራቱ መጣ። ሥራ አስኪያጁም ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግራቸውን ካቆሙበት፣ ከኩራዙ ቀጠሉ።